ደግ ሰው ለምን ያስቃል?



የዛሬው ሐሳባችን የተነሣው ከአንድ የልጅ ጥያቄ ነው። ቅዳሜ ማታ ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን በ1966 የተሠራውን የባትማን ፊልም እያየን ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። ባትማን ክሩ የሚጤስ ትልቅ ክብ ቦምብ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ በወደቡ ላይ ይሯሯጣል፤ የሚጥልበት ቦታ ግን ያጣል። በአንድ በኩል መነኮሳት አሉ። በሌላ በኩል ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት ትመጣለች። ወደ ውኃው ሊወረውረው ሲል ጀልባ ላይ የተቀመጡ ፍቅረኞች ያያል፤ ዞር ሲል ደግሞ ዳክዬዎች ይዋኛሉ። እኛ በሳቅ ፈነዳን። የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ግን አልሳቀም። ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ «ለምን ትስቃላችሁ? ዳክዬዎቹ እንዳይሞቱ እኮ ነው» አለን።

«ፊልሙ ቀልድ ስለሆነ ነው» ብለን አለፍነው። መልሱ ግን ለራሳችንም አልጣመንም።

ወደዚህ አሮጌ ፊልም የመራን ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ያየነው ካርቱን ነበር። ርእሱ «ባትማን፦ ሪተርን ኦፍ ዘ ኬፕድ ክሩሴደርስ» ይባላል፤ በአማርኛ «የካባ ለባሾቹ ዘማቾች መመለስ» እንደ ማለት ነው። የወጣው በጥቅምት 2016፣ የድሮው የባትማን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በተጀመረ በሃምሳኛው ዓመት ነው። ከሁሉ የሚገርመው ነገር ድምፁ ነው። በ1966 ባትማንን ሆኖ የተጫወተው አዳም ዌስት፣ ሮቢንን የተጫወተው በርት ዋርድና ካትውማንን የተጫወተችው ጁሊ ኒውማር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ተመልሰው ለራሳቸው ገጸ ባሕርያት ድምፅ ሰጥተዋል። ካርቱኑ ሲወጣ አዳም ዌስት 88 ዓመቱ ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ደረቱ ሰፊ፣ አገጩ የጠነከረ ጎልማሳ ነው፤ ከአፉ የሚወጣው ድምፅ ግን የአያት ድምፅ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያደናግራል። ቆይተን ግን ወደድነው።

ድራማውን ለማያውቁ ጥቂት እንበል። ከጥር 1966 እስከ መጋቢት 1968 በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ በ120 ክፍሎች ታየ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች በሳምንት ሁለት ምሽት ይቀርብ ነበር፤ በአንደኛው ምሽት ጀግኖቹ አይወጡበት ከሚመስል ወጥመድ ውስጥ ይቀራሉ፣ ልጆች መጨረሻውን ለማየት ማግስቱን ይጠብቃሉ። ሲደባደቡ «ፓው!» «ዛፕ!» የሚሉ ባለ ቀለም ቃላት ማያ ገጹን ይሞላሉ። ጆከርን የሚጫወተው ሴዛር ሮሜሮ ጢሙን አልላጭም በማለቱ ነጩን ቀለም በጢሙ ላይ ቀቡት፤ ቀረብ ብሎ ላየ ይታያል! ሁሉም ነገር ሆን ተብሎ የተጋነነ ነው፤ ተዋንያኑ ግን አንዴም አይስቁም። ቀልዱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ይሁንና በምን ነበር የሚቀለደው? ልጃችን ከጠየቀን በኋላ ያስተዋልነው ይህን ነው። በአብዛኛው የሚያስቀን የባትማን ጨዋነት ነው። ሮቢን የመኪና ቀበቶውን እንዲያስር ያሳስበዋል። ትምህርቱን እንዳይዘነጋ ይመክረዋል። በመጀመሪያው ክፍል ባትማን ወንጀለኛ ፍለጋ ጭፈራ ቤት ይገባል፤ ሮቢን ዕድሜው ስላልደረሰ መኪና ውስጥ ይጠብቃል። እዚያ ሁሉም መጠጥ ሲጠጣ ባትማን የሚያዘው የብርቱካን ጭማቂ ነው። (ጭማቂው ውስጥ መድኃኒት ይጨምሩበትና ሲጨፍር ይታያል፤ ያ ጭፈራ ስም እስኪወጣለት ድረስ ታዋቂ ሆነ።) ይህን ስናይ አንድ የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ትዝ አሉን። በሠርግ ላይ ሚሪንዳ ይዘው ሲቀመጡ ሰው ሁሉ ፈገግ ይልባቸው ነበር። እርሳቸውም ፈገግ ይሉ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ዓይነቱን ሳቅ ያውቀዋል። በዘፍጥረት 19 ሎጥ ከተማዋ ልትጠፋ ነውና ውጡ ብሎ አማቾቹን ሲለምናቸው የሚቀልድ መሰላቸው። ኢዮብም በምዕራፍ 12 ንጹሕ ሰው ለባልንጀሮቹ መሳቂያ መሆኑን በምሬት ይናገራል። ደግ ሰው የሚያስቀው ሁልጊዜ ስለምንንቀው አይደለም፤ አንዳንዴ ስለሚያሳፍረን ነው። ዳክዬ እንዳይሞት ቦምብ ይዞ የሚሯሯጥ ሰው ፊት ስንቆም፣ ሰው እንዳይጎዳ ብለን እኛ ምን ያህል እንደሮጥን ልናስብ እንገደዳለን። መሳቅ ይቀላል።

እንዲህም ሆኖ ዓለም በዚህ ጨዋ ባትማን ሰለቸ። ድራማው ካበቃ በኋላ የመጡት ደራሲዎችና ዳይሬክተሮች ያንን ሳቅ ለማጥፋት ብዙ ደከሙ። በ1986 ፍራንክ ሚለር ያረጀና የመረረው ባትማን በሥዕላዊ መጽሐፍ አመጣ። በ1989 የቲም በርተን ፊልም ጨለማ ከተማ ይዞ ቀረበ፤ ከ2005 ጀምሮ የክሪስቶፈር ኖላን ሦስት ፊልሞች ተከተሉ። ሁሉም መጥፎ ናቸው አንልም፤ ከመካከላቸው ደግመን ያየናቸው አሉ። ግን አቅጣጫውን ልብ በሉ። በመጋቢት 2016 በወጣው «ባትማን ቪ ሱፐርማን» ላይ ባትማን በያዛቸው ወንጀለኞች ቆዳ ላይ በጋለ ብረት ምልክት ያትማል፤ ሱፐርማንንም በጦር ሊገድል ይነሣል። በዚያው ዓመት፣ ከሰባት ወር በኋላ፣ የአዳም ዌስት ባትማን በካርቱን ተመለሰ። አንድ ስም፣ አንድ ጭንብል፣ ሁለት ሰው። የሚተኩሰውና የሚያቃጥለው «ቁም ነገረኛ» ተባለ፤ ቀበቶ እሰር የሚለው ቀልድ ሆነ። ይህ ፍርድ ልክ ነው ወይ?

ካርቱኑን ከሌሎች የናፍቆት ፊልሞች የሚለየው ይህን ጥያቄ ራሱ ማንሣቱ ነው። ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ጆከር፣ ፔንግዊን፣ ሪድለርና ካትውማን ተባብረው ማንኛውንም ነገር የሚያባዛ የጨረር መሣሪያ ይሰርቃሉ። ካትውማን ደግሞ ባትማንን ወደ ክፋት የሚለውጥ ውህድ አላት። ጀግናችን መጀመሪያ ላይ ምንም የሆነ አይመስልም። ከዚያ ግን ቀስ በቀስ ይለወጣል። ቤት ውስጥ ቁጡ ይሆናል። ስንት ዘመን ያገለገለውን አልፍሬድን ያባርራል። ጠላቶቹን ሲመታ የድሮው ጨዋታ ይጠፋና ጭካኔ ይመጣል። ከሮቢን ጋር ይለያያል። በመጨረሻም ያን የማባዣ ጨረር ይዞ ራሱን ያበዛል፤ የከተማዋን ሹማምንት አንሥቶ በየቦታቸው የራሱን ቅጂዎች ያስቀምጣል። ከተማዋ በባትማን ትሞላለች። ሮቢን ሊመልሰው የሚነሣው ከካትውማን ጋር ተባብሮ ነው።

አዎ፣ ካርቱን ነው። ውስጡም በቀልድ የተሞላ ነው፤ ባትማን ጭንቅላቱን ተመትቶ አንዷን ካትውማን ሦስት አድርጎ ሲያያት፣ የሚታዩት በድሮው ዘመን ካትውማንን የተጫወቱት ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ኒውማር፣ ሊ ሜሪዌዘርና ኧርታ ኪት። ይሁን እንጂ ክፉው ባትማን የሚመስለው ማንን እንደሆነ ልብ ላለ ሰው ፊልሙ የሚናገረው ግልጽ ነው። የሠላሳ ዓመቱ «ቁም ነገረኛ» ባትማን እኮ ነው! አሮጌው ቀልድ ተመልሶ መጥቶ፣ እናንተ ያደነቃችሁት ሰው ለኛ የታመመ ባትማን ነው አለ። ይህን የሰማነው በፈገግታ ነበር፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም።

ምክንያቱም የለውጡ አካሄድ እውነተኛ ነው። ንጉሥ ሳኦልን አስቡት። በ1ኛ ሳሙኤል 10 ለንግሥና ሲፈለግ በዕቃ መካከል ተሸሽጎ የተገኘ ዓይን አፋር ሰው ነበር። ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ በገና በሚደረድርለት በዳዊት ላይ ጦር ይወረውራል። በምዕራፍ 20 ደግሞ ጦሩን በገዛ ልጁ በዮናታን ላይ ያነሣል። በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። በየደረጃው ለራሱ የሚሰጠው ምክንያት ነበረው።

እኛም በአገልግሎት ዘመናችን እንዲህ ያለ ነገር አይተናል። ስም አንጠራም፤ ለማዋረድም አንጽፍም። አንድ መሪ ነበረን። ስንጀምር ከአምልኮ በኋላ ወንበር የሚያነሣው እርሱ ነበር፤ የልጆቹን ሁሉ ስም ያውቅ ነበር። ሕዝቡ በዛ፣ አዳራሹ ሰፋ። መጀመሪያ የተለየው ከጥንት ጀምሮ አብረውት የነበሩት ሽማግሌ ናቸው፤ «ለራእዩ አይመጥኑም» ተባለ። ከዚያ የመዘምራን ኃላፊዋ። ከዚያ ሒሳብ ያዥው። በየቦታቸው የተተኩት ሰዎች እርሱ በሚስቅበት የሚስቁ፣ እርሱ በሚቆጣበት የሚቆጡ፣ ማይክ ሲይዙ እንኳ እንደ እርሱ ጣታቸውን የሚዘረጉ ነበሩ። በስብሰባ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከቅጂዎቹ መካከል እኛም ነበርንበት። ይህን ያወቅነው በማዕድ ላይ ነው። ከእኛ አንዱ ሲጸልይ፣ ሊጠይቁን የመጡት እናታችን ዓይናቸውን ገልጠው «ይሄ ደግሞ የማን ድምፅ ነው?» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። የእርሱ ድምፅ ነበር፤ አተነፋፈሱ ሳይቀር። እናታችን እንጀራቸውን ቆርሰው መብላት ጀመሩ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ስለዚህ ባትማን አልፍሬድን ሲያስወጣ ስናይ ልጆቹ ሳቁ፤ እኛ ግን ያን ሽማግሌ አሰብን። የሚለወጥ ሰው መጀመሪያ የሚያርቀው የድሮውን ማንነቱን የሚያውቀውን ነው። ጳውሎስ በገላትያ 6 ሰው በበደል ቢያዝ በየውሃት አቅኑት፣ እያንዳንዳችሁም ራሳችሁን ጠብቁ የሚለውን ምክር ሲሰጥ፣ ይህ ሊሆን የሚችለው በአጠገባችን ሊያቀናን የሚችል ሰው ሲቀር ብቻ መሆኑን እናስባለን። ዳዊት ናታን ነበረው። ሳኦል ሳሙኤልን ካጣ በኋላ ማን ነበረው?

እዚህ ላይ ከፊልሙ ጋር የምንለያይበት ነገር አለ። የባትማን ክፋት የመጣው ከውጭ ነው፤ ወደ ሰውነቱ የገባ ውህድ ነው። ውህዱ ሲሸነፍ ክፉው ሰውም አብሮ ይሄዳል። ታሪኩ እንዲህ መሆኑ ለካርቱን ምቹ ነው፤ ለሕይወት ግን አደገኛ ነው። ጌታ በማርቆስ 7 ሰውን የሚያረክሰው ከውስጥ፣ ከልብ የሚወጣው ነው ብሎ ያስተማረው ከዚህ ጋር አይስማማም። ያ መሪ ማንም መርዝ አልሰጠውም። እኛም ማንም መርዝ አልሰጠንም። ሲያመሰግነን ደስ ይለን ነበር፤ ከፊት ወንበር መቀመጥ እንወድ ነበር፤ ሽማግሌው ሲሄዱ «የቤተ ክርስቲያን ሰላም እንዳይደፈርስ» ብለን ዝም አልን። ለዚህ መድኃኒቱ ከቀበቶ ኪስ የሚወጣ ጠርሙስ አይደለም። ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደን በር አንኳኩተናል። የገባነው በፍርሃት ነበር። ቡና አፈሉልን።

ለወላጆችም አንድ ነገር እንበል። ፊልሙ ለልጆች የተሠራ ቢመስልም ለትንንሾቹ ሁሉ አይሆንም። ከተለወጠ በኋላ ያለው ድብደባ ከበድ ይላል፤ በባትማንና በካትውማን መካከል ያለው መሽኮርመምም ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። እኛ ያየነው አብረን ተቀምጠን፣ አንዳንዴም አቁመን እየተነጋገርን ነው። የ1966ቱ ድራማ ግን፣ በመብት ክርክር ምክንያት ለብዙ ዘመን በዲቪዲ ሳይወጣ ቆይቶ በ2014 የወጣው፣ ለቤተሰብ ምሽት ይሻላል ብለን እናምናለን።

ስለ አዳም ዌስት ሳናነሣ ማለፍ አይሆንልንም። ድራማው ሲያበቃ ሥራ አጣ። ሰዎች ከባትማን ሌላ ምንም ሊያዩበት አልቻሉም፤ ያን ልብስ ለብሶ በመኪና ትርኢቶችና በባዛሮች ላይ እየታየ እንጀራውን የሚያበስልበት ጊዜ ነበር። በ1992 የባትማን ካርቱን ተከታታይ አዘጋጆች ጠሩትና ለአንድ ገጸ ባሕርይ ድምፅ እንዲሰጥ አደረጉ፤ ገጸ ባሕርዩ በወጣትነቱ የቴሌቪዥን ጀግና ሆኖ የተጫወተ፣ አሁን ግን ሥራ አጥቶ የቤት ኪራይ ለመክፈል የድሮ ዕቃዎቹን የሚሸጥ ተዋናይ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ባትማን በልጅነቱ ያን ተዋናይ እያየ ማደጉን ይነግረዋል። የራሱን ቁስል ሰጥተውት እንዲያነበው ያደረጉት ይመስላል። እርሱም አነበበው፣ ያለ ምሬት።

ብዙ ሰው መሳቂያ ሲሆን ወይ ይቆጣል፣ ወይ ራሱን ለውጦ እንደሚስቁበት ሰዎች ይሆናል። አዳም ዌስት በስተርጅናው ማይክ ፊት ቆሞ ያንኑ ጨዋ፣ ያንኑ የሚያስቅ ባትማን አሰማ። ሃይማኖቱን አንመረምርም፤ የቅድስና ምሳሌ አድርገንም አናቀርበውም። ግን ለሃምሳ ዓመት ሲሳቅበት የኖረን ደግነት ሳያፍርበት ደግሞ ሊናገረው መቻሉ ልባችንን ነክቶታል። እኛ በሥራ ቦታ ምሳ ከመብላታችን በፊት ለመጸለይ ዓይናችንን መክደን የሚያሳፍረን ሰዎች ነን። ቅንድባችንን የምናክ አስመስለን የምንጸልይበት ቀን ስንት ነው!

በሰኔ 2017 በደም ካንሰር አረፈ። ቀጣዩ ካርቱን «ባትማን ቪኤስ ቱ-ፌስ» በዚያው ዓመት በጥቅምት ሲወጣ ድምፁ ውስጡ ነበር፤ ቀድሞ ቀርጾት ነበር። በሞተ በሳምንቱ ግድም የሎስ አንጀለስ ከተማ አስተዳደር የባትማንን ምልክት በከተማው አዳራሽ ግንብ ላይ በብርሃን አበራለት። ብዙ ሰው ተሰብስቦ አየ፤ ካባ የለበሱ ትልልቅ ሰዎችም ነበሩበት።

ለልጃችን በመጨረሻ ምን እንዳልነው ልንነግራችሁ ይገባል። ብዙ አላልነውም። «ልክ ነህ፣ ዳክዬዎቹ እንዳይሞቱ ነው፤ እኛ የሳቅነው እንደዚህ ሲሮጥ ሰው አይተን ስለማናውቅ ነው» አልነው። ትንሽ አሰበና ያን ክፍል ድጋሚ እንድንከፍትለት ጠየቀ። ከፈትንለት። በሁለተኛው እርሱም ሳቀ፤ ባትማን ወደ ውኃው ሲዞር ግን ሳቁን አቁሞ ወደ ማያ ገጹ ተጠጋና ዳክዬዎቹን በጣቱ መቁጠር ጀመረ።